ደረቅ ምርቃት

አማቴ እማማ ጽጌ ልጆቼን እትፍ ብለው መመረቅ ያቆሙት ባለፈው ዓመት ጥር አጋማሽ ላይ ነው። በኔ ተቀይመው ያቆሙ መስሎኝ ሁለት ወር ያህል ስብከነከን ከረምኩ። ነገሩ ሌላ ነበር። ሌላ መሆኑን ለማወቅ ግን ሩብ ኪሎ ቆሎ መግዛት ነበረብኝ።

የጠዋቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ጸሎትና ኤባ ቦርሳቸውን አዝለው ሊወጡ ሲሉ እማማ ጽጌ በረንዳው ላይ ካለችው ዱካቸው ሳይነሱ ይጠሯቸዋል። ልጆቹ ጎንበስ ይላሉ። እሳቸው "እደጉ፣ ተመንደጉ፣ ክፉ አይንካችሁ" ይሉና ግንባራቸው ላይ እትፍ፣ እትፍ ያደርጋሉ። ምራቁ ከስም በቀር ይኼ ነው የሚባል አይደለም። ኤባ በእጅጌው ሊያብሰው ሲል እህቱ "ምርቃቱን ጠረግከው፣ ደደብ" ትለዋለች። ሰባት ዓመቱ ነው፣ እሷ አሥራ ሁለት ሆኗታል፤ ይኼን የምትለው እንደ ትልቅ ሰው ወገቧን ይዛ ነው።

አንድ ሰኞ ቃሉ ብቻ መጣና እትፍታው ቀረ። ማክሰኞም እንደዚያው። ሐሙስ ጸሎት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ "እማዬ፣ እማማ ደረቅ ምርቃት ነው የሚመርቁን። ምን ሆነው ነው?" አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ውሸቴን ነው፣ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

የጥምቀት ዕለት ቤታችን እንግዳ ነበር። ኤባ የጎረቤት ልጅ የላሰውን ማንኪያ ተቀብሎ ሲልስ አየሁትና በሰው ፊት ቆጣሁት። "ምራቅ እኮ ስንት ጀርም አለው! የሰው ምራቅ ወደ አንተ የሚገባበት ምን ምክንያት አለ?" አልኩ። እማማ ጽጌ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሳምንት ሳይሞላ እትፍታው ቀረ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የማይገናኘውን ማገናኘት ሥራዬ ነው፤ ሁለቱን ነገር ገጣጥሜ ሰፋኋቸው።

ሙሉወርቅ እባላለሁ። ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባሌ አምሐ እዚያው ሰፈር የብረት በርና መስኮት ይበይዳል። እናቱ ከጎጃም መጥተው አብረውን መኖር ከጀመሩ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነ፣ ከተጋባን ጀምሮ ማለት ነው። ቁጡ ነኝ፣ ሰው ሳይለው እኔው ልበለው። ግን ለአማቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። እስከ ግንቦት ድረስ።

የጥርስ ነገር የጀመረኝ በኤባ ነው። አራት ዓመቱ እያለ ጉንጩ አብጦ ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰ። እኔ "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል" እያልኩ፣ እንዲያባብለው ከረሜላ አስይዤው ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። ከረሜላ! በአራተኛው ቀን ከቤታችን ከአየር ጤና ታክሲ ይዘን ቤቴል ወዳለች አንዲት የጥርስ ክሊኒክ ወሰድነው። ዶክተር ሌሊሴ የምትባል ረጋ ያለች ሴት አፉን አየችና ወደኔ ዞራ፣ "ይኼ ልጅ ስንት ቀን ሲታመም ነው የከረመው?" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት መንጋጋ ነቀለችለት። ለኔ ደግሞ አንዲት ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቷ ላይ ሁለት ድድ ተስሏል፤ አንዱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ሌላው ያበጠ ቀይ። ከሥራቸው "ጤነኛ" እና "የታመመ" ይላል።

ወረቀቷን ከግቢው ቧንቧ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኳት። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን ጠዋትና ማታ ጥርስ ይቦረሻል፣ ከረሜላ ለበዓል ብቻ ነው፣ ሻይ ላይ ስኳር አንድ ማንኪያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሁሉም ቧንቧው ጋ በተራ ይቆማል፣ እኔም በፀሐይ ብርሃን ከንፈሩን ገልጬ ከወረቀቷ ጋር አስተያያለሁ። ቀይ የተገኘበት ሰው ለሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ይቦርሻል። አምሐም ይሰለፋል፣ ባል ነኝ ብሎ የሚቀርበት ነገር የለም። ስሜንም "የድድ ተራ አስከባሪ" ብሎ ያወጣልኝ እሱ ነው። በራችን ላይ ያለው ትልቅ ድንጋይ የሰፈሩ ጎረምሶች ድድ ማስጫ ነው። "ሙሌ፣ እነሱንስ ለምን አታዪላቸውም? አስጥተውልሽ ነው እኮ የሚውሉት" ይለኛል።

እማማ ጽጌ ከሰልፉ መጨረሻ ሳይጠሩ ይቀመጡ ነበር። የላይኛው ድዳቸው ከዳር እስከ ዳር የተነቀሰ ነው። እሳቸው ውቅራት ይሉታል። ሊዳሩ ሰሞን እናታቸው በእሾህ ወግተው ጥላሸት ቀቡላቸው፤ "ሰባት ቀን ከወተት በቀር አልቀመስኩም" ይላሉ። ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ድድ፣ ከሥሩ እንደ ወተት የነጣ ጥርስ። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ሲስቁ ግን አሁንም ሰው ዞር ብሎ ያያቸዋል። እሳቸውም ያውቁታል። የኔ እናት አልተነቀሰችም፣ በቤተሰቤም የተነቀሰ ሰው አላየሁም፤ ለኔ ያ ድድ እንደ ጌጥ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን አይቼ ስጨርስ ወደሳቸው እዞርና፣ "አሁን የእማማን እዩ" እላለሁ። እሳቸው የላይኛውን ከንፈራቸውን በሁለት ጣት ከፍ ያደርጋሉ። "ቀይ ነገር አለ? የለም። ብሩሽ የለ፣ የጥርስ ሳሙና የለ፣ በወይራ መፋቂያ ብቻ ነው። እናንተ ሁሉ ተሟልቶላችሁ ትለግማላችሁ።" እማማ ጽጌ ከንፈራቸውን መልሰው ቀስ ብለው ፈገግ ይላሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረግን።

እትፍታው ከቀረ በኋላ ሌሎች ነገሮችም አየሁ፣ ሁሉንም ግን ወደ ቂም ተረጎምኳቸው። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ ፊታቸውን ነሱኝ አልኩ። ልጆቹን መሳም ተዉ፤ የኔን ልጆች አስጠላኋቸው አልኩ። ቅርንፉድ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ይውላሉ፤ ጨጓራቸው ነው፣ በኔ እየተቃጠሉ ነው አልኩ። የዳቦውን ቅርፊት ለኤባ እየሰጡ ሆዱን ብቻ ይበላሉ፣ እንጀራውን ሽሮ ውስጥ አርሰው አርሰው ነው የሚጎርሱት። ለዚህስ ምክንያት አላጣሁም፣ ጾም ነበር፣ ጾም ደግሞ ሰውን ያደክማል።

በመጨረሻ ለአምሐ ነገርኩት።

"እናትህ ተቀይመውኛል።"

"እናቴ? አንቺን? ለአንቺ እኮ ከኔ በላይ ነው የሚያደሉት።"

"ልጆቼን እትፍ ማለት ትተዋል።"

አምሐ ሳቀ። ከዚያ አብሬው እንዳልሳቅሁ ሲያይ ጠይቃቸዋለሁ አለ። ጠየቃቸው። "ምንም አልሆንኩ፣ አፌ ደርቆ ነው" አሉት። ይኼ ደግሞ ይባስ አናደደኝ። አፉ የደረቀ ሰው ውኃ ይጠጣል እንጂ ምርቃት ያደርቃል?

መጋቢት አጋማሽ ላይ አንድ አርብ ከሥራ ስመለስ፣ ይብቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔው ልሸነፍ አልኩ። እማማ ጽጌ ቆሎ አይተው አያልፉም። አጠና ተራ አንዲት የምትቆላ ሴት አለች፣ ገብሱን ከሽምብራና ከሱፍ አሰባጥራ ለጥርስ የሚጣፍጥ አድርጋ ትቆላዋለች። ከሷ ሩብ ኪሎ ገዛሁ። ከአጠገቧ ደግሞ አንድ እቅፍ የወይራ መፋቂያ መርጬ ጨመርኩ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። ልጆቹን ካየሁ በኋላ "የእማማን እዩ" ሳልል ቀርቼ በረንዳው ላይ ከዱካቸው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ቆሎውን በሳህን፣ መፋቂያውን በነጭ ወረቀት ጠቅልዬ በሁለት እጄ ዘረጋሁ።

"እማማ፣ ባላወቅሁት ካስቀየምኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ቆሎውን ረጅም ጊዜ አዩት። "ምን አስቀይመሽኝ ልጄ" አሉ። እጃቸውን አልዘረጉም። እኔም ሳህኑን አላስቀመጥኩም። ሰው ይቅርታ ብሎ ያቀረበውን አለመቅመስ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በመጨረሻ አንድ ጭብጥ አነሱና አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

ማኘክ ጀመሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔ ሞኟ፣ ልባቸው ራርቶልኝ ነው ብዬ የኔም እንባ መጣ። እንዲህ ሆነን ትንሽ ተያየን። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሱና ወደ ቧንቧው ሄዱ። ውኃ ላቀብላቸው ብዬ ኩባያ ይዤ ተከተልኳቸው።

ሲሚንቶው ላይ የተፉት ገብስ ነው። ገብሱ ቀይ ነበር። በእግራቸው ሊሸፍኑት ሞከሩ፣ ከዚያ ቧንቧውን ከፈቱ።

"ደም ነው" አልኩ።

"ገለባው ወግቶኝ ነው።"

"እማማ።"

ውኃው ሁሉንም ወስዶ ሲሚንቶው ነጣ። ከጭንቅላታችን በላይ ያቺ ወረቀት ተለጥፋለች፣ ሮዙና ቀዩ ድድ። ያኔ ነው የገባኝ። ጥቁር ላይ ቀይ ስፈልግ ነበር ሦስት ዓመት የከረምኩት። አጣሁና ጤነኛ ነው አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው።

"ከገና ወዲህ በረታ። መጥፎ ደም ነው ይውጣ ብዬ በመፋቂያው ጠበቅ አድርጌ ስወጋው ነበር። እሱም አልቆም አለ።" ምላሳቸውን ከውስጥ ሲያንቀሳቅሱ ከንፈራቸው ላይ አየሁት። "ከፊት ያሉት አራቱም ይነቃነቃሉ።"

"ልጆቹን እትፍ ማለት የተዉትም…"

እንደ ቂል አዩኝ። "በልጅ ግንባር ላይ ደም ልትፋ ኖሯል?"

የቧንቧው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ወር ሙሉ እያሰብኩ የነበረው ስለ ራሴ ነው። እሳቸው ደማቸውን እየዋጡ፣ እኔ ተቀየሙኝ አልተቀየሙኝ እያልኩ። አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ተናደድኩ፣ በራሴም በሳቸውም።

"ለምን አልነገሩኝም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው እኮ እርስዎ ነዎት ለአምሐ የሚነግሩት።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ ስታሳዪኝ ደስ ይልሽ ነበር" አሉ። ነጠላቸውን ጨምቀው ውኃውን አራገፉ። "እኔም ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ቤት የቀረኝ ሙያ እሱ ብቻ ነው።"

ቆሎውን ለጎረምሶቹ ድንጋዩ ላይ ወስጄ ሰጠኋቸው። ምን ተገኘ ብለው እያዩኝ በሉ።

ሰኞ ሥራ ቀርቼ ቤቴል ሄድን። እማማ ጽጌ የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን ለብሰው ነበር። ታክሲ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የተናገሩት፤ "አራቱም ከወለቁ ውቅራቱ ምን ላይ ያምራል?" አሉኝ። ከዚያ በመስኮቱ ማየት ቀጠሉ። ፍርሃታቸው ይኼ መሆኑን ያኔ አወቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው፣ ሆድ ሲቃጠል ይስቃል ይባላል፤ የሳቸው ጥርስ ግን ባዳ አልነበረም።

ዶክተር ሌሊሴ ወንበሩ ላይ አስተኛቻቸው። አፋቸውን አልከፍትም አሉ።

"አይፍሩ እማማ፣ በዚህ ሥራ ጥርሴን የነቀልኩ ነኝ" አለቻቸው።

"የራስሽን ነቅለሽ ከሆነ ደግ አደረግሽ። የኔን ተይልኝ።"

ዶክተሯ ሳቀች፣ እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ፣ አፋቸውም ተከፈተ። በቀጭን ብረት በየጥርሱና በድዱ መሀል እየለካች ቁጥር ለረዳቷ ትናገር ጀመር። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ጥሩ፣ ትልቅ ሲሆን መጥፎ መሆኑን ከፊቷ ገባኝ። የስኳር ምርመራም አሠራቻቸው፣ እሱ ደህና ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"የጠቆረ ድድ፣ የተነቀሰም ይሁን በተፈጥሮ፣ ቢታመምም መቅላቱ ላይታይ ይችላል። የሚታየው እብጠቱ፣ መድማቱና ሽታው ነው።"

"ታዲያ ወረቀትሽ ላይ ለምን አልተጻፈም?" አልኳት። ድምፄ ከረር ብሎ ነበር። "እዚህ አገር ሮዝ ድድ ያለው ሰው ስንት ነው? ልጆቼ ራሳቸው ግማሹ ድዳቸው ጠቆር ያለ ነው።"

ጓንቷን አወለቀች። "ልክ ነሽ" አለች። ይኼን ስትል ቁጣዬ መሄጃ አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአራቱ አንዱ ሥሩ አልቋል፣ ያኔውኑ ተነቀለ። በሦስቱ ላይ ከድዱ ሥር ድንጋይ ሆኖ የተጋገረውን ቆሻሻ በሁለት ቀጠሮ ጠርጋ አወጣችው። የቀረው የኛ ሥራ ነው አለች። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ፣ በየጥርሱ መሀል ደግሞ በትንሿ ብሩሽ። መፋቂያውን መተው አያስፈልጋቸውም፣ ጫፉ ታኝኮ እስኪለሰልስ ድረስ ግን ድዱን አይንካ። እስከ ሰኔ ከያዙ ያዙ፣ ካልያዙ ሦስቱም ይነቀላሉ።

የወለቀውን ጥርስ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ኤባ ሲያይ፣ "ጣሪያ ላይ እንወርውረውና አዲስ ይበቅልልዎታል" አለ። "ለኔስ አይበቅልም፣ ግን ወርውረው" አሉት። ቆርቆሮው ላይ ኳ ብሎ ተንከባለለ። ጸሎት ግን አልሳቀችም። አያቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ "ለስድስተኛ ክፍል ፈተናዬ እትፍ ይሉኛል አይደል? ሰኔ ውስጥ ነው" አለቻቸው። እሳቸውም፣ "ደሙ ከቆመ፣ እሺ። ካልቆመ በቃል እመርቅሻለሁ" አሏት። ልጄ አንገቷን ነቀነቀች፣ ግን ፊቷ ወደቀ።

ብሩሹን መያዝ ቀላል ነበር። ከባዱ አፍ ማስከፈቱ ነው። ምራት አማቷን "አፍዎን ይክፈቱ" ብላ እንዴት ታዛለች? ዓይናቸው ደግሞ ደክሟል፣ ትንሿን ብሩሽ በራሳቸው ማስገባት አይችሉም። የመጀመሪያው ቀን ሁለታችንም ቧንቧው ጋ ቆመን ስለ አየሩ አወራን። በመጨረሻ እሳቸው፣ "አንቺ የኔን ካየሽ እኔም ያንቺን አያለሁ" አሉ። አፌን ከፈትኩ። መነጽራቸውን አድርገው፣ አገጬን ይዘው ወዲያ ወዲህ አዞሩኝ። "መንጋጋሽ ሥር ምሳሽ አለ" አሉ። አምሐ ከበረንዳው ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ የሁሉንም አፍ ስከፍት የኔን ያየ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሳቸው አፍ ተከፈተ።

ማታ ማታ በየጥርሱ መሀል ካጸዳሁ በኋላ ነጭ ጥጥ ድዳቸው ላይ ጫን አድርጌ አወጣለሁ። ቀለሙን ወረቀቷ ላይ ሳይሆን ጥጡ ላይ ነው የማየው። መጋቢት ላይ ጥጡ ይቀላ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሮዝ ሆነ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አራት ቀን ነጭ ወጣ። ዘልዬ ጣሪያውን ልነካ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ለአንድ የዘመድ ሠርግ ለሦስት ቀን ቤቱን ለቀው ሄዱ። ሲመለሱ ጥጡ እንደገና ቀይ ነው። ብሩሹ ከቦርሳቸው አልወጣም፣ ጸጉሩ ደረቅ ነበር። ያን ጊዜ ጮህኩባቸው። "እኔ ለማን ብዬ ነው? ሦስቱ ቢወልቁ የማን ጥርስ ነው የሚወልቀው? ኤባ እንኳ ብሩሹን አይረሳም!" ያልኩት ይኼን ነው፣ ከዚህም የባሰ ሳልጨምር አልቀረሁም።

"ልጅ አደረግሽኝ" አሉ በዝግታ። "በሰው ቤት፣ በእኩዮቼ ፊት፣ ብሩሽ ይዤ ልቁም? ጽጌማርያም ጥርሷ አለቀ ይበሉኝ?"

ሦስት ቀን አፋቸውን አልከፈቱልኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ ልክ ነበርኩ ብዬ አምናለሁ፣ አሁንም አምናለሁ። ጩኸቱን ግን ብችል እመልሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ጸሎት የማትፈጥረው ዘዴ የለም፣ ደብተሯን ይዛ አያቷ አጠገብ ተቀመጠችና ጮክ ብላ ትቆጥር ጀመር፤ "ለፈተናው ሠላሳ አንድ ቀን ቀረኝ።" በማግሥቱ "ሠላሳ ቀን ቀረኝ" አለች። ማታ ላይ እማማ ጽጌ ራሳቸው ብሩሹን ይዘው ቧንቧው ጋ ጠበቁኝ። እሳቸው ከፈቱ፣ እኔ ሠራሁ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቤቴል ሄድን። ዶክተር ሌሊሴ ሦስቱን ጥርሶች አንድ በአንድ በብረቷ ነካ ነካ አደረገች፣ ለካች፣ ቁጥሮቹን ተናገረች። ትንንሽ ቁጥሮች ነበሩ። "ይዘዋል" አለች። ግድግዳዋ ላይ አዲስ ወረቀት አየሁ፤ ከሁለቱ ድዶች አጠገብ ሦስተኛ፣ የጠቆረ ድድ ተስሏል፣ ከሥሩም "ቀለሙን ብቻ አትዩ" ይላል። ለኔም አንድ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ቤት ስንደርስ አሁንስ ልጆቹን እትፍ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። "ሐኪም ያለው ሌላ፣ እኔ የማውቀው ሌላ። አንድ ቀን ቢደማስ?" አሉ። በቃል ብቻ መመረቃቸውን ቀጠሉ። ደረቅ ምርቃቱን ለምደነው ነበር፣ ጸሎትም ቀኑን መቁጠር ተወች።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ዩኒፎርሟን ስተኩስ እማማ ጽጌ ቧንቧው ጋ ሲጉመጠመጡ ሰማሁ። ጉመጥመጥ፣ እትፍ። ጉመጥመጥ፣ እትፍ። በመስኮቱ አየሁ። በእጃቸው የኔን ጥጥ ይዘዋል። ድዳቸው ላይ ጫን አድርገው አወጡትና ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። እንደገና ሌላ ጥጥ። ካውያውን ቀሚሱ ላይ ረስቼው ነበር፣ ሽታው ነው ያስታወሰኝ።

ጸሎት እርሳሶቿን ቆጥራ ወጣች። እማማ ጽጌ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ጠሯት።

"ነይ፣ ጎንበስ በይ።"

ጎንበስ አለች። "የተማርሽውን አይሰውርብሽ። እጅሽን አያንቀጥቅጠው። ደስ ብሎሽ ተመለሺ" አሏት። ከዚያ እትፍ፣ እትፍ።

ጸሎት ቀና ስትል ግንባሯን ያየሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጠብታ ነበር። ውኃ የመሰለ፣ ጥርት ያለ። እማማ ጽጌ ግንባሯን ሳይሆን የኔን ፊት ነበር የሚያዩት፣ እኔም አንገቴን ነቀነቅሁላቸው። ኤባ ፈተና ሳይኖርበት ጭንቅላቱን ከመሀል አስገብቶ የራሱን ተቀበለ። እጅጌውን ሊያነሳ ሲል እህቱ ያዘችው።

ልጆቹ ወጡ። እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ልከተላቸው ስል፣

"አንቺስ?" አሉኝ።

"እኔ ምን ፈተና አለብኝ እማማ?"

"ነይ እንጂ።"

በአሥራ ሦስት ዓመት ልጆቼን እንጂ እኔን እትፍ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ፊታቸው ተንበረከክሁ። "ዓይንሽ አይፍዘዝ። ልጆችሽ አይደብቁሽ" አሉና እትፍ፣ እትፍ አደረጉ። ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

ታክሲ ውስጥ ነፋስ ገባ፣ አጠና ተራ ወርጄም በፀሐይ ሄድኩ። የስፌት መኪናዬ ጋ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ዩኒፎርም ጨርሼ እስክነሳ ድረስ ግንባሬን አልነካሁም።